የድሮ የጀግና ዜማ በአዲስ ሱፐርሂሮ ፊልም ውስጥ እንዴት ይገባል?

ኮዬ ፈጬ የምንኖርበት ብሎክ ደረጃው የልጆች ነው። ትልልቆቹ ጥግ ይዘን እንወጣለን፣ እነሱ እየዘለሉ ይወርዳሉ። በቀደም አንዱ የእናቱን ነጠላ አንገቱ ላይ አስሮ አራት እርከን በአንዴ ዘለለ። ሲዘል በአፉ ራሱን እያጀበ ነው፤ "ታታታ ታን! ታታታ ታን!" የምን ሙዚቃ ነው አልኩት። "የሱፐርማን ነዋ!" አለኝ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን።

ዜማውን ጆን ዊሊያምስ የጻፈው በ1978 ለወጣው ፊልም ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት፣ የአገራችንን አዋጅ ከምጠቅስበት ቦታ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። ፊልሙን አላየውም። ዜማው ግን ኮዬ ፈጬ ድረስ መጥቶለታል። የመጣው ደግሞ በራሱ እግር አይደለም። ሌሎች የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች በኋላ በወጡ ፊልሞች ተሸክመውት ነው። በ2006 ጆን ኦትማን መልሶ ተጠቀመበት። በ2017 ዳኒ ኤልፍማን አነሳው። በ2025 ጆን መርፊና ዴቪድ ፍሌሚንግ በኤሌክትሪክ ጊታር አመጡት። አንድ ዜማ እየተቀባበሉ ወደ 50 ዓመት ገደማ አሻገሩት።

እኔ ኤዲተር ነኝ። ሠርግ እቆርጣለሁ፣ ማስታወቂያ እቆርጣለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የሰፈር ልጆች የሚሠሩትን አጭር ፊልም እቆርጥና ማጀቢያውንም እኔው እሠራለሁ። ዘንድሮ የሠራነው 11 ደቂቃ ነው። ጀግናው የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ካባው የአያቱ ጋቢ ነው። ዳይሬክተሩ "የድሮ የጀግና ዜማ እፈልጋለሁ፣ ሰው ሲሰማው ፀጉሩ የሚቆም" አለኝ። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ለሚገጥማችሁ እኔ የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የተሳሳትኩበትንም ጭምር።

1. መጀመሪያ ባለቤቱን ለዩ

አሰልቺው ክፍል ይሄ ነው፣ ግን ከዘለላችሁት ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

አንድ ሙዚቃ ሁለት ባለቤት አለው። አንዱ የዜማው ደራሲ ነው። ሌላው የዚያ ቀረጻ ባለቤት ነው፤ ማለትም የተጫወተውና ያስቀረጸው። የሱፐርማንን ዜማ በክራር ራሳችሁ ብትጫወቱት የቀረጻውን ጣጣ አመለጣችሁ እንጂ የደራሲውን አላመለጣችሁም። በተቃራኒው፣ ዜማው የማንም ያልሆነ የጥንት ሽለላ ቢሆን እንኳ ከካሴት ከገለበጣችሁት የቀረጻው ባለቤት ሊመጣባችሁ ይችላል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ አጭር ፊልም ከድሮ ካሴት ላይ 40 ሰከንድ ሽለላ ወስጄ አስገባሁ። የሕዝብ ዜማ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው። በለቀቅነው በነጋታው የፊልሙ ድምፅ ተዘጋ። የተዋናዮቹ ንግግርም አብሮ ሄደ። ንግግሩንና ሙዚቃውን ለይቼ አላስቀመጥኩም ነበርና ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራሁት።

በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በ2007 ማሻሻያ ወጥቶለታል። ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሥራው ይጠበቃል። ሁለት ሰዎች አብረው የደረሱት ከሆነ የሚቆጠረው በመጨረሻ ከሞተው ጀምሮ ነው። የተጫዋቹና የድምፅ ቀረጻው አዘጋጅ መብትም 50 ዓመት ነው።

ስለዚህ ያላችሁ ምርጫ ሦስት ነው። ፈቃድ መግዛት፤ ለትልቅ የሆሊውድ ዜማ ይሄን እርሱት፣ የባጃጁ ዋጋ አይበቃውም። ከራሳችሁ የቀድሞ ፊልም ዜማ መመለስ፤ ይሄ በጣም ጥሩ ነው፣ የቀድሞ ፊልም ካላችሁ። ወይም ባለቤት የሌለውን የጥንት ዜማ ወስዶ በአዲስ ተጫዋች ማስቀረጽ። እኛ ሦስተኛውን መረጥን። ግን ልብ በሉ፣ "ባህላዊ ነው" የሚባል ሁሉ ባህላዊ አይደለም። ደራሲው በስም የሚታወቅ ስንት ዘፈን አለ "የሕዝብ" እየተባለ የሚዘፈን።

የሆሊውዶቹን ዜማዎች ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ለልምምድ ፈታቱ፣ ገጣጥሙ፣ ተማሩባቸው። እኔም ከዚህ በታች የማደርገው እሱን ነው። ወደ ሕዝብ የምትለቁት ላይ ግን አይግቡ።

2. አጥንቱን አውጡ

ሰው ዜማ አያስታውስም። የሚያስታውሰው የዜማውን አጥንት ነው፤ ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ ስድስት ድምፅ። የተቀረው ሥጋ ነው፣ እንደ ፊልሙ ይለወጣል።

ባትማንን ውሰዱ። ኤልፍማን በ1989 የጻፈው አጥንቱ አምስት ኖታ ነው። ሃንስ ዚመርና ጄምስ ኒውተን ሃዋርድ በ2005 ሁለት ኖታ በቃን አሉ። ማይክል ጃኪኖ በ2022 በአራት ኖታ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ፊልም ተሸከመ። የ1966ቱ የቴሌቪዥን ባትማን ደግሞ ግጥሙ ሁሉ አንድ ቃል ነው፣ የጀግናው ስም፣ እሱኑ መደጋገም።

አጥንቱን ለማውጣት እንዲህ አድርጉ። ዜማውን አንድ ጊዜ ስሙና አጥፉት። ሽሮ ሥሩ፣ ልብስ እጠቡ፣ ታክሲ ተሰለፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በአፋችሁ የሚመጣው ቁራጭ እሱ ነው። ከዚያ የምቱን ፈተና ስጡት። ዜማውን ትታችሁ ምቱን ብቻ በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ ምቱት። የሰማ ሰው ካወቀው አጥንቱ ግማሹ ምት ነው ማለት ነው፣ ምቱን አትንኩት። ካላወቀው ኃይሉ ያለው ኖታዎቹ አካሄድ ላይ ነው፣ ምቱን እንደፈለጋችሁ ቀያይሩ።

እኛ ዜማችንን ያገኘነው ከጎረቤት ነው። በሦስተኛው ብሎክ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፣ ክራር ይጫወታሉ። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከአባታቸው የተማሩት ሽለላ አላቸው። ቤታቸው ሄድኩ፣ ቡና ተፈላ፣ ተጫወቱልኝ። አምስት ደቂቃ ያህል ሄደ። በማግሥቱ ልብስ ሳሰጣ በአፌ የቀረው አራት ድምፅ ብቻ ነበር፦ ዶ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሶል (ፍላት ማለት ድምፁ በግማሽ ዝቅ ሲል ነው)። በቃ፣ አጥንቱ እሱ ሆነ።

3. ቅኝቱን እወቁት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ያገኘሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የኤልፍማንን የባትማን አጥንት ለልምምድ በኪቦርድ እየመታሁ ነበር። ኖታዎቹ ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ላ ፍላት፣ ሶል ናቸው። ጻፍኳቸው። በቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አየሁት። እንደገና አየሁት። ትዝታ ማይነር! አንድም የጎደለ የለም፣ አንድም የተረፈ የለም። ክራራችሁ በትዝታ ማይነር ከተቃኘ ባትማንን አንድ ክር ሳትነኩ ትጫወቱታላችሁ።

ኤልፍማን ትዝታን ሰምቶ ነው እያልኩ አይደለም። አምስት ኖታ በማይነር ሲመረጥ እንዲህ ሊገጥም ይችላል። ግን ለእኛ ሥራ ትልቅ በር ነው። የባትማን ከተማ የጎታም ጨለማ ያልነው ድምፅ እኛ ጋ ሰው ሲናፍቅ የሚዘፈንበት ቅኝት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አካሄዱ ነው። ባትማን ሦስት ደረጃ ወጥቶ ከሚ ፍላት ወደ ላ ፍላት ይዘላል፣ ከዚያ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሶል ላይ ይቆማል። ዶ ላይ አያርፍም። ቤቱ አይገባም። የእኛ ትዝታ ዘፋኝ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ዶ ላይ አርፎ ያለቅሳል።

ለተግባር የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው፦ ጀግናችሁ ገና ትግል ላይ ከሆነ አጥንቱን ሶል ላይ አቁሙት። ሲያሸንፍ ዶ ላይ አሳርፉት። ያንኑ አጥንት፣ ያንኑ ክራር። ተመልካቹ ምን እንደተለወጠ አያውቅም፣ ግን ትከሻው ሲወርድ ታዩታላችሁ።

ሌሎቹንም ቅኝቶች ሞክሩ። አጥንታችሁን ወደ ትዝታ ሜጀር ብታዞሩት፣ ማለትም ሚ እና ላ ፍላትነታቸው ሲቀር፣ ደስታ ይሆናል፣ አንዳንዴ የልጆች ፕሮግራም ይመስላል። አምባሰል ውስጥ ሬ ፍላት ስለሚገባ ጥንታዊና ከባድ ያደርገዋል። አንቺ ሆዬ ለክፉው ሰው ተስማሚ ነው፤ ሶሉ ራሱ ዝቅ ስለሚል መሬት የከዳችሁ ይመስላችኋል። እኛ የክፉውን ሰው ዜማ የሠራነው የጀግናውን አጥንት አንቺ ሆዬ ውስጥ በማስገባት ነው። ሁለቱ በፊልሙ ወንድማማች ናቸው፣ ይሄን የሚናገር አንድም ቃል ግን ስክሪፕቱ ውስጥ የለም።

4. መቼ እንደሚገባ ወስኑ

የእኔ እምነት፣ የድሮ ዜማ ፉከራ ነው። ከዘመቻ ግዳይ ጥሎ የተመለሰ ሰው "ዘራፍ!" ሲል ቤቱ ይናወጣል። ምንም ያልሠራ ሰው ቢል ይሳቅበታል። የእኛ ልጆች ፊልም ላይ ዘወትር የማየው ጥፋት ይሄ ነው። ጀግናው ገና ከአልጋው ሲነሳ ሙዚቃው ይፎክርለታል። ጥርሱን ሳይቦርሽ!

ዊሊያምስ በ1978ቱ ፊልም መግቢያ ጽሑፍ ላይ ገና ከመነሻው ሙሉውን ለቆታል፣ እውነት ነው። ግን እሱ ያኔ ዜማውን እያስተዋወቀ ነበር። እናንተ እየመለሳችሁ ነው። መመለስ ሌላ ሥራ ነው።

ለመመለስ ሦስት አግባብ አለ። የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ሰላምታ መስጠት ነው። ጃኪኖ በ2017ቱ የሸረሪት ሰው (ስፓይደርማን) ፊልም የ1967ቱን የካርቱን ዜማ በኦርኬስትራ አድርጎ የስቱዲዮው አርማ ሲወጣ ብቻ አሰማው። "የድሮውን አልረሳነውም" አለና ወደ ሥራው ገባ። ቀላልና ቆንጆ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሲመለስ ዜማውም አብሮ መመለስ ነው። በ2021 የድሮዎቹ ሁለት ሸረሪት ሰዎች ሲመጡ ጃኪኖ የኤልፍማንንና የጄምስ ሆርነርን የቀድሞ ዜማዎች ይዟቸው መጣ። በ2023ም ማይክል ኪተን እንደገና ባትማን ሲሆን ቤንጃሚን ዎልፊሽ የ1989ኙን ዜማ መለሰለት። ፊቱ አርጅቷል፣ ዜማው አላረጀም፣ ስሜቱ የሚመጣው ከዚያ ክፍተት ነው።

ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ አጣምሞ መመለስ። በ2017 ሱፐርማን ከሞት ተነስቶ ማንነቱ ጠፍቶት የገዛ ጓደኞቹን ሲደበድብ፣ ኤልፍማን የዊሊያምስን ዜማ አጨልሞና አጣሞ ከሥር አስገባው። ዜማውን የምታውቁ ከሆነ ያማል። ጓደኛችሁን ሰክሮ መንገድ ላይ እንደማግኘት ነው።

አሁን ወደ ወረቀት። ፊልሙን ከላይ እስከ ታች እዩና ሙዚቃ የሚገባበትን ሰዓት ሁሉ በደብተር ጻፉ። ከጎኑ ስንት ኖታ እንደምትሰጡ ጻፉ። የእኛ እንዲህ ነበር። 1 ደቂቃ ከ10 ላይ ጀግናው ባጃጁን ሲያጥብ ሁለት ኖታ፣ በጣም በቀስታ። 4 ደቂቃ ላይ አያቱ ጋቢውን ስትሰጠው ሦስት ኖታ። 6 ደቂቃ ከ30 ላይ ሲደበደብ ምንም። ዝምታ፣ ንፋሱ ብቻ። የእኛ ሰፈር ንፋስ ደግሞ ሙዚቃ አያስፈልገውም። 9 ደቂቃ ላይ አራቱም ኖታ፣ ሙሉ ዜማው፣ ከበሮው፣ ሁሉ ነገር።

የአቬንጀርስ የ2019 ፊልም መጨረሻ ጦርነትን አስታውሱ። በሮቹ እየተከፈቱ ሙዚቃው ቀስ በቀስ ይገነባል፣ የአለን ሲልቬስትሪ መለያ ዜማ ደረቱን ነፍቶ የሚወጣው ጀግኖቹ ሁሉ ተሰልፈው ካበቁ በኋላ ነው። ዜማው ከ2012 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ይታወቃል ተብሎ ግን አልተጣደፈም።

5. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

ፍጥነት፣ መሣሪያ፣ ምት፣ ከሥር የሚሄደው ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች)። አራቱንም በአንዴ ከለወጣችሁ ዜማው አይታወቅም፣ ምንም ካልለወጣችሁ ደግሞ ኮፒ ነው። አንዱን ለውጡና አሰሙ። ከታወቀ ሁለተኛውን ጨምሩ። ሰው "ቆይ፣ ይሄን የት ነው የማውቀው?" የሚልበት ነጥብ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ከዚያ በላይ መሄድ መጃጃል ነው።

መሣሪያን በተመለከተ አንድ ጥቆማ። ዜማው በኃይል ለሚገባበት ቦታ የነሐስ ጥሩምባ የሚነፋ ቡድን ካላችሁ ደስ ይላል፣ ኮዬ ፈጬ ውስጥ ግን የላችሁም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ትራምፔት ደግሞ የመኪና ጥሩምባ ይመስላል። እምቢልታን አስቡት። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። ሦስት ሰዎች የተለያየ መጠን ያለው ይዘው እየተቀባበሉ ይነፉታል፣ ዜማው የሚወጣው ከመቀባበሉ ነው። ለአራት ኖታ አጥንት ልኩ ነው። እኛ ሦስት ሰው ማግኘት አልቻልንም፤ አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ለየብቻ ቀርጸን ደረብነው። ትንሽ መዛነፉ ጭራሽ አሳመረው።

6. ከምስሉ ጋር አስሉት

ካልኩሌተር አውጡ። የእኛ ጀግና ባጃጁን ካቆመበት እስከሚዘልበት 18 ሰከንድ ነው። ዜማው ስምንት ባር ነው፣ በባር አራት ምት፣ በድምሩ 32 ምት። 32 በ60 ይባዛል፣ ለ18 ይካፈላል፣ 106.7 ገደማ ይመጣል። በደቂቃ 106.7 ምት ካደረጋችሁት የመጨረሻው ምት ሲያልቅ ልጁ ይዘላል። ፈጠነብኝ ካላችሁ አንድ ባር ቀንሱ። 28 ምት ይሆናል፣ ፍጥነቱም ወደ 93.3 ይወርዳል። እኛ 93.3ቱን መረጥን። ጋቢ የለበሰ ሰው አይቻኮልም።

ዋናውን ምት በትክክል ካቱ ላይ፣ ማለትም ምስሉ የሚቀየርበት ቅጽበት ላይ አታስቀምጡት። አንድ ሁለት ፍሬም ዘግይቶ ይምጣ። ዓይን ይቅደም፣ ጆሮ ይከተል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ ግን ሞክሩት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ስትቆርጡ ለጊዜው ብላችሁ የሆሊውድ ሙዚቃ ከሥር ታደርጋላችሁ፣ ሁላችንም እናደርጋለን። ያንን ለዳይሬክተሩ እንዳታሳዩ! እኔ አሳየሁና ወደደው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት ሁሉ "ያኛው ይሻላል" ተባለ። ያኛው የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው። እኔ አንድ ክራርና አንድ ላፕቶፕ አለኝ።

7. ቀረጻ፣ ከከተማ ዳር

ቤቴ 4ኛ ፎቅ ነው፣ ከላዬ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። ክረምት ላይ ዝናብ ከመጣ ቀረጻ የለም። በጋ ላይ ንፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ጠዋት ልጆች፣ ከሰዓት ወፍጮ ቤቱ፣ ማታ ውሻ፣ ሌሊት ጅብ። ለአንድ ሳምንት በስልኬ ድምፅ እየቀዳሁ ሰዓቱን መዘገብኩ። ጸጥ የሚለው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ። የእናንተ ሰፈር የራሱ ሰዓት አለው፣ መዝግቡና ያዙት።

ክፍሉን ለማፈን ብርድ ልብስ ይበቃል። ሁለት ቁምሳጥን በር ክፈቱ፣ ልብሱ እንደተሰቀለ ይሁን፣ መሐሉ ላይ ተጫዋቹን አስቀምጡ፣ ከጀርባው ብርድ ልብስ ስቀሉ። እኛ የጀግናውን ካባም ሰቀልነው፣ ወፍራም ጋቢ የዋዛ አይደለም። ማይኩን ከክራሩ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቁት፣ ወደ ክሮቹ ሳይሆን ወደ ድምፅ ሳጥኑ ጠርዝ አዙሩት። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ ቅረጹ፣ ለፊልም የሚሆነው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ቢሆን፣ ሪፐር ቢሆን፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ ያለው ቢሆን ለውጥ የለውም። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ ግዙ፣ ካልሆነ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ሴቭ አድርጉ።

ተጫዋቹን አታስቸኩሉ። ጋሼን ሜትሮኖም አስጨንቋቸው ነበር። "ልጄ፣ ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው ነገር ያሳብደኛል" አሉኝ። አወለቅነው። በነፃ እንዲጫወቱ አድርጌ በኋላ ቆራርጬ ምት ላይ ገጠምኩት። ሽለላ በሜትሮኖም አይሸለልም፣ እኔ ነበርኩ አጥፊው።

8. ማዋሃድ

ማሲንቆ ከጨመራችሁ ተጠንቀቁ፤ ድምፁ የሰው ድምፅ ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰው እያወራ ማሲንቆ ከገባ ሁለት ሰው የሚጨቃጨቅ ይመስላል። ንግግር ሲኖር ክራሩ ብቻ ይሂድ፣ ማሲንቆውን ለዝምታው ቦታ ያዙት። ሙዚቃውን ከንግግር በታች ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት። ጨርሳችሁ ስታወጡ ጠቅላላውን ድምፅ ወደ -14 ሉፍስ (የጠቅላላ ጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ፣ ጫፉን -1 ዴሲቤል ላይ ያዙት። ዩቲዩብ ከዚያ በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርገው መጮሁ ትርፍ የለውም። እና እባካችሁ፣ ንግግር፣ ሙዚቃና ሌላ ድምፅ በየራሳቸው ፋይል ይቀመጡ። የእኔን ታሪክ ከላይ አንብባችኋል።

በስልክ ስፒከርም ስሙት። አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ ነው። ከበሮው ከጠፋባችሁ አጥንቱ ብቻውን መቆም ይችላል ወይ የሚለውን ያን ጊዜ ታያላችሁ።

9. ወረቀቱን ጨርሱ፣ ከዚያ አሰሙ

ከተጫዋቹ ጋር አንድ ገጽ ውል ጻፉ። ምን እንደተጫወተ፣ ስንት እንደተከፈለው፣ ፊልሙ የት እንደሚታይ። ጎረቤት ነው፣ ያፍረኛል አትበሉ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አንብበው ነው የፈረሙት፣ "ከአባቱ የተማረው ተብሎ ይጻፍ" ብለውም አስጨመሩ። በፊልሙ መጨረሻ ጽሑፍ ላይ እንደዚያው ወጣ።

ፊልሙን ከመልቀቃችን በፊት አንድ ቅዳሜ በብሎኩ ደረጃ ሥር አንሶላ ሰቅለን ለልጆቹ አሳየናቸው። ሳቁ፣ ጮኹ፣ ጋቢው ሲውለበለብ ተነሱ። እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ የተነሳሁት ደረጃው ላይ በሚዘሉበት ድምፅ ነው። ነጠላ ያሰረው ያ ልጅ እየዘለለ የእኛን ዜማ ይላል። ግን አሳስቶታል። ዶ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ካለ በኋላ ወደ ሶል አልተመለሰም። ወደ ላይኛው ዶ ወጣ። ሌሎቹም እሱን ተከትለው እንደዚያው ይሉታል። አልጋዬ ላይ ሆኜ አምስት ስድስት ጊዜ ሰማሁት።

ተነስቼ ጋሼ ጋ ሄድኩ። በልጁ አካሄድ ተጫወቱልኝ አልኳቸው። ክራሩ ስድስት ክር ስላለው የላይኛው ዶ አለ። ተጫወቱት፣ ቆም አሉ፣ እንደገና ተጫወቱት። "አባቴ እንደዚህ አይልም ነበር" አሉ። ከዚያ "ግን ለዝላይ ይሄ ነው" አሉኝ። 9 ደቂቃ ላይ ያለውን ብቻ እንደገና ቀረጽነው፣ የቀሩትን እንዳሉ ተውናቸው።